ወደ ማራ በፓኬጅ ወይስ በራስ መላ

ዳንግላ፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማናየሽ፣ እንጅባራ።

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ ብዬ ልጀምርና ወዲያው ወደ ጭቅጭቃችን ልግባ። ጉልበቴን ጠይቀሻል፤ ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ ይነግረኛል፣ ዝናቡ ሲሄድ ይተወኛል፤ ደህና ነኝ። የስልክ መስመሩ ጠፍቶ መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ እኔና አንቺ በሚኒባስ አንድ ሰዓት በማይፈጅ መንገድ ላይ ወረቀት መላላካችን አንዳንዴ ያስቀኛል፣ አንዳንዴ ያናድደኛል። እንየው ይባረክ። ድንቹን አዲስ ቅዳም ገበያ አራግፎ፣ ሽንኩርት ፍለጋ ፈረሶቹን እየነዳ በማሳው ውስጥ እኛ ጋ ድረስ ይዘልቃል። ተማሪያችን ሳለ ከክፍል ሳናስወጣው የዋልንበት ቀን አልነበረም፤ አሁን ፖስታ ቤታችን ሆኖ አረፈው።

ልጄ ቤተል ከአዲስ አበባ የላከችልኝን ወረቀት ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ከእኛ ወደ ባሕር ዳር ያለው መንገድ እስካሁን ክፍት ስለሆነ በሰው ደረሰኝ። የማሳይ ማራ ፓኬጅ ነው። ናይሮቢ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥተው ይቀበሉናል። ጣሪያው የሚከፈት መኪና አለ። የፓርኩ መግቢያ፣ አስጎብኚው፣ አልጋው፣ ምግቡ ሁሉ አንድ ላይ ነው። ጠዋት ይቀሰቅሱሻል፣ ማታ ያስተኙሻል፤ ካንቺ የሚጠበቀው ዓይንሽን መክፈት ብቻ ነው። መነሻው ነሐሴ ሦስት ነው። ያኔ እነዚያ ጢማም የሜዳ ከብቶች፣ ዋይልድቢስቶቹ፣ ወንዙን ይሻገራሉ። ስንት ዓመት በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ቀስት እየሳልኩ ከሴሬንጌቲ ወደ ማራ አሻገርኳቸው! አንቺም በባዮሎጂሽ ለአዞ አስበላሻቸው። ሁለታችንም ግን ከጅብ የሚበልጥ አውሬ በዓይናችን አላየንም። ያንን ሁሉ የዲከረንስ ዛፍ ተክለን፣ አሳድገን፣ ለከሰል የሸጥነው ለዚህ አልነበረም?

በራሳችን እንሂድ የሚለውን ሐሳብሽን እርሺው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እኛ በማናውቀው አገር፣ በማናውቀው ቋንቋ፣ ከማን ጋር ተከራክረን መኪና ልንይዝ ነው? አንቺ እኔ ጋ ድረሺ እንጂ፣ ከዚያ ወዲያ ባሕር ዳር ነው፣ ከባሕር ዳር ወዲያ አውሮፕላን ነው። እስከ ነሐሴ መንገዱ ይከፈታል ብዬ አምናለሁ።

ለልጅሽ ለይኸነው ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ባጃጁን ቀስ ብሎ ይንዳ።

ፀጋነሽ

* * *

እንጅባራ፣ ግንቦት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለፀጋነሽ፣ ዳንግላ።

እንደምን ከርመሽልኛል? እኔ እመቤቴ ትመስገን አለሁ፤ ከብርዱ በቀር የሚጣላኝ የለም። ወረቀትሽን አነበብኩት። ሥዕሉ ያምራል። ግን ፀጌ፣ ነሐሴ ሦስት ምን እንደሆነ ላንቺ ማን ይንገርሽ! ፍልሰታ ነው። ወረቀቱ «ቁርስ፣ ምሳና እራት ቡፌ» ይላል፤ በሥዕሉ ላይ ያለው ቡፌ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ሥጋ ነው። እኔ በከፈልኩበት ማዕድ ዳር ተቀምጬ ደረቅ ዳቦ ስቆርስ፣ አንቺ አመስግነሽ ጎድን ስትግጪ ከአሁኑ ይታየኛል። ይህን ለማየት ኬንያ ድረስ መሄድ አያስፈልገኝም፤ ስንት ዓመት በመምህራን ክበብ ሳየው ኖሬያለሁ።

ደግሞስ ከማናውቃቸው ሰዎች ጋር በአንድ መኪና ታጭቀን? አንዱ አንበሳ ባየ ቁጥር ሲጮህ፣ ሌላው መንገዱ ሲያስመልሰው፣ ከዝሆኑ ዓይኔን ሳልነቅል አስጎብኚው «በቃ፣ ሰዓት ደርሷል» ሲለኝ! ዕድሜዬን በደወል ገብቼ በደወል ወጥቻለሁ። ጡረታ ወጥቼ ደወል በገንዘቤ አልገዛም። በራሳችን እንሂድ። ከናይሮቢ ናሮክ የምትባል ከተማ መኪና እንዳለ ራስሽ ነግረሽኛል። እዚያ ወርደን የአገሩን ሹፌር ተከራክረን እንይዛለን። የቻግኒን በርበሬ ነጋዴ ተከራክሮ ያሸነፈ ሰው ለናሮክ ሹፌር አያንስም። ዳቦ ቆሎና በሶ እንይዛለን። ዝሆን ካማረኝ ቀኑን ሙሉ ዝሆን ሳይ እውላለሁ፤ ማንም ተነሽ አይለኝም።

ይኸነው ሰላም ይበሉልኝ ይልሻል። «አሮጊቶቹ አንበሳ ሊያዩ ነው ወይስ አንበሳው ሊያያቸው?» እያለ ይስቅብናል። እኔም ሚስት እስክታገባ ድረስ ልብስህን የማጥበው እኔ ነኝ፣ አርፈህ ተቀመጥ አልኩት።

ማናየሽ

* * *

ዳንግላ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማኔ፣

ሰላምታውን አሳጥሬ ልናገረው፤ ተሸነፍኩ። የፍልሰታውን ነገር አለማሰቤ አሳፍሮኛል። ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ላሉት ነግሬያቸው ወንድም ጢሞቲዎስ እንኳ «እንዴት ረሳሽው?» ብሎ ወቀሰኝ።

እንግዲህ በራሳችን ነው። ሐምሌ አሥር እንነሳለን፤ የሰኔ ጾም ተፈቶ፣ ፍልሰታ ሳይገባ። ቤተል ሁሉን አስቀድማ አጣርታልኝ ነበር። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ቪዛ አያስፈልግም። ናይሮቢ ያለች ጓደኛዋ ታሳድረናለች፤ በማግስቱ ማታቱ በሚሏት ሚኒባሳቸው ናሮክ እንገባለን። ከፓርኩ በር ወጣ ብሎ ድንኳን የሚያከራዩ አሉ፤ ማብሰያም ይሰጣሉ ተብሏል፤ ሽሮሽን ያዢ። መኪናውን ከነሹፌሩ በቀን ነው የምንይዘው። ደስ ያለን ቦታ አቁም እንለዋለን። አሁን እኔ ራሴ ካንቺ በላይ በራስ መላ ሆኛለሁ! ትናንት ማታ የድሮውን አትላስ አውጥቼ መንገዱን በጣቴ ስከተል አመሸሁ። ጅብ ድንኳኑን ሲያሸት ማን ተነስቶ እንደሚያባርር ብቻ ከአሁኑ እንስማማ።

የቀረን ያንቺ እኔ ጋ መድረስ ነው። ከእናንተ ወደ እኛ መኪኖች ተሰብስበው አልፎ አልፎ በእጀባ እንደሚያልፉ እንየው ነግሮኛል። ቀኑን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም አለኝ። እንዳያመልጥሽ ሻንጣሽን ከበሩ ሥር አኑሪው።

በደስታ ያለሁት
ፀጋነሽ

* * *

እንጅባራ፣ ግንቦት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለፀጋነሽ።

እንደምን አለሽ? ቤተልስ? ባለፈው ሳምንት ሳልጽፍልሽ በመቅረቴ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው።

ስለ ጉዞው አስቤበታለሁ። ፓኬጁ ይሻላል። መጀመሪያ ያልሽው ልክ ነበር። በእኛ ዕድሜ ከሹፌር ጋር መከራከር አይገባም። ሰው ቢቀበል፣ ሰው አልጋ ቢያሳይ፣ ሰው ቢሸኝ መልካም ነው። ነሐሴ ሦስት ይሁን፤ ምግቡ አያሳስብም። ለቤተል ዛሬውኑ ላኪባት፤ ቦታው ሳይሞላ ባንቺ ስም ታስይዝ። የእኔን በኋላ እናያለን። እጀባው አያስተማምንም።

ደግሞ ብርድ ልብስ ያዢ፤ ማራ ሌሊቱን ይበርዳል ይላሉ።

ማናየሽ

* * *

ዳንግላ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማናየሽ፣

እኔን ማታለል የምትችዪው መቼ ነው? ደብዳቤሽን ሦስቴ አገላበጥኩት። አንድም ስድብ የለበትም። ያስደነገጠኝ እሱ ነው። «ምግቡ አያሳስብም» ብለሽ ጻፍሽ፤ አንቺ! በጾም ቀን ቅቤ የነካው ቢላ ነው ብለሽ ሽንኩርት ያላስከተፍሽኝ ሴትዮ! በራስ መላ ብለሽ ካሳመንሽኝ በኋላ ወደ ፓኬጅ ዞርሽ። «ባንቺ ስም» አልሽ። የይኸነው ስም ደግሞ ከደብዳቤሽ ውስጥ ጠፍቷል።

እንየውን ያዝኩት። መጀመሪያ ፈረሶቹን እያየ «እኔ ምን አውቃለሁ ቲቸር» አለኝ። እንደ ድሮው ጆሮውን ስይዘው ግን፣ «ቲቸር ማናየሽን ከትልቁ በር ፊት ሳህን ይዘው ቆመው አየኋቸው። ብዙ እናቶች ነበሩ። ንገር አላሉኝም» አለ። ከዚያ ፈረሶቹን ነድቶ ሄደ።

ሳህኑ የማን ነው? ንገሪኝ። ፓኬጁንም ራስ መላውንም ተይውና እሱን ንገሪኝ።

ፀጋነሽ

* * *

እንጅባራ፣ ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፀጌ፣

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እንየውን አልቆጣውም።

ይኸነውን ይዘውታል። ግንቦት ሃያ ግድም ነው። ጎማ ተንፍሶበት ሲለውጥ ሰዓት እላፊው ገባበት። አብረውት የተያዙ ብዙ ናቸው። አልነገርሽኝም ብለሽ አትቀየሚኝ፤ ብነግርሽ በዚያ ጉልበትሽ በዚህ መንገድ ተነስተሽ እንደምትመጪ አውቃለሁ። አሁንም እንዳትመጪ እለምንሻለሁ።

ውሎዬን ልንገርሽ። ጠዋትና ማታ ምግብ ይዤ የታሰሩበት በር ላይ እሰለፋለሁ። ሳህኑን ተቀብለው ያስገባሉ፤ ልጁን አያሳዩንም። እዚያው ቆመን እንጠብቃለን። ቆይቶ ሳህኑ ይመለሳል። ወሬያችን እሱ ነው፤ ባዶ ከተመለሰ ልጅሽ አለ ማለት ነው። አንዳንዷ እናት ሳህኗን ተቀብላ ስትስም አያታለሁ። የእኔው ከልጅነቱ ቃሪያ አይበላም፤ ለቅሞ ጠርዙ ላይ ይደረድረዋል። እያወቅሁ እጨምርበታለሁ። ሌላ ሰው እንዳልበላው የማውቀው በዚያ ነው።

ስንቅ የማይመጣለት ሰው ወደ ሌላ ቦታ ይወሰዳል ይባላል። እውነት ይሁን ወሬ አላውቅም። አንድ ቀን ቀርቼ ልፈትነው ግን አልችልም። ስለዚህ እሱ እዚያ ውስጥ ታስሯል፤ እኔ ደግሞ ከድስቴ እስከዚያ በር ድረስ ታስሬያለሁ። ባለፈው እሑድ ቅዳሴ እንኳ አላስጨረስኩም። ፀጌ፣ ደክሞኛል። ላንቺ ካልሆነ ለማን እለዋለሁ።

አንቺ ሂጂ። ፓኬጁን ያልኩሽ ለዚህ ነው። ሁለት ሆነን ከሆነ በራሳችን እንሄድ ነበር። ብቻሽን ከሆንሽ ግን የሚቀበልሽ፣ የሚያስተኛሽ ሰው ይኑር። ማንም ሳያውቅሽ ናሮክ ላይ ወርደሽ ስትንከራተቺ እያሰብኩ እዚህ ልቆም አልችልም። አንድ ጭንቀት ይበቃኛል። ሂጂና ወንዙን ሲሻገሩ እይልኝ።

ማናየሽ

* * *

ዳንግላ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማኔ፣ እህቴ፣

ይኸነውን እኔም አዝዬዋለሁ፤ ይህን ለማስታወስ ያህል ነው። የመጀመሪያውን የወተት ጥርሱን የነቀልኩለት እኔ ነኝ። ያለ እኔ ሳምንታት ሙሉ በዚያ በር መቆምሽን ስሰማ መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ፣ አሁንም ንዴቱ አልለቀቀኝም።

«ሂጂ» ያልሽውን አላነበብኩትም። ለቤተል ሁለቱንም ተያቸው ብዬ ልኬባታለሁ። እነዚያ ከብቶች እኔ ባላያቸውም ወንዙን ይሻገራሉ።

ወንድም ጢሞቲዎስ በእጀባ ብትሄጂ ይሻልሻል፣ ብዙ ሰው በሄደበት መሄድ ነው ይለኛል። እጀባው መቼ ነው ስለው እሱም አያውቅም። ዛሬ ይባላል፣ ነገ ይባላል፣ ሰው ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ያድራል። ለእኔ የእንየው ፈረስ ይሻለኛል። የሚመጣው ሰኞ፣ ሰኔ አሥራ ስድስት፣ ሽንኩርቱን ጭኖ ሲመለስ አብሬው እነሳለሁ። በማሳው ውስጥ፣ ቀስ እያልን። ጠዋቱን አንቺ ትወስጃለሽ፣ ማታውን እኔ እወስዳለሁ። ቢያንስ ማታ ማታ ትተኛለሽ።

አትምጪ ብለሽ እንዳትጽፊ። ብትጽፊም አልከፍተውም።

ፀጋነሽ

* * *

ዳንግላ፣ ሰኔ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለፀጋነሽ፤ እንጅባራ፣ እኔ ቤት።

ይህን የምጽፍልሽ ከገዛ ጠረጴዛሽ ላይ ነው። ምን ብዬ ልጀምር?

ቅዳሜ ማታ ሳህኑ ሙሉውን ተመለሰ። እንጀራው እንዳጠፍኩት ነበር። ቤት ገብቼ ሳህኑን ፊቴ አስቀምጬ እንደተቀመጥኩ ነጋ። እሑድ ጠዋት ተመልሼ ስቆም አንዱ አዝኖልኝ፣ «እናቴ፣ እዚህ አይንገላቱ፤ ዳንግላ ነው የተወሰዱት» አለኝ። ያንኑ ማታ ደግሞ ሰኞ ንጋት ላይ እጀባ ይወጣል ተባለ። አንቺ ሰኞ እንደምትነሺ አልዘነጋሁም። ግን በመኪና አይደል የምሄደው፤ ከደጅሽ ሳትወጪ እደርስብሻለሁ ብዬ ቁልፌን ለጎረቤቴ ለወርቅአየሁ ሰጥቼ ተሳፈርኩ።

አዲስ ቅዳም ላይ አቆሙን። መውረድ የለም፣ መስኮት መክፈት የለም፣ ለምን ብሎ መጠየቅ የለም። አየሩ ታፍኖ ሕፃን እያለቀሰ ግማሽ ቀን ዋልን። ደጅሽ ስደርስ መሽቷል። ጎረቤትሽ ሶስና ወጥታ አየችኝ። «እትዬ ፀጌ እኮ ጠዋት በፈረስ ወደ እርስዎ ሄዱ» አለችኝ። ደረጃሽ ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ያን ያህል ፈልጌሽ አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት በአንቺ ድስት ሠርቼ ሄድኩ። እዚህም በሩ እንደዚያው ነው፣ እናቶቹም እንደዚያው። ሳህኑ ባዶ ተመለሰልኝ። ቃሪያው ጠርዙ ላይ ተደርድሯል። ፀጌ፣ እዚህ ነው! ልጄ አንቺ ከተማ ውስጥ ነው።

ይህን የሚያደርስልሽ ከእጀባው ጋር ወደ እናንተ የሚመለስ ሹፌር ነው። ሐሙስ ሌላ እጀባ ወደዚህ ይወጣል ይላሉ። በእሱ ተመለሺ። ቤትሽ ነው፣ አልጋሽ ነው፤ እኔ መሬት እተኛለሁ። በፈረስ እንዳትሞክሪው። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ?

ማናየሽ

* * *

እንጅባራ፣ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማናየሽ፤ ዳንግላ፣ ጠረጴዛዬ ላይ።

አልጋዬ ላይ ተኚ። መሬቱ እርጥበት አለው።

ጉልበቴ አብጦ ነበር፣ አሁን ቀለለው። እንየው ግማሹን መንገድ በሽንኩርቱ ላይ አስቀምጦ ነው ያመጣኝ። በየመንደሩ ገበሬዎቹ በአዊኛ ማን ናት ሲሉት፣ አስተማሪዬ ናት እያለ አለፈ። አዲስ ቅዳምን በስተቀኝ ትተን ዳገቱ ላይ ስንደርስ ታች አስፋልቱ ላይ የተደረደሩ መኪኖች አየን። እንየው፣ «ቲቸር፣ እስኪያልፉ እንከለል» አለኝና ዲከረንሱ ውስጥ ገባን። ዝናብ ይወርድ ነበር። ፈረሶቹን ይዘን ተጎልተን ቆየን፤ መኪኖቹ አይነቃነቁም። የሳፋሪ መኪና ሲመጣ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚገባው አውሬ እኔው ሆኜ አረፍኩት። ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? «እነዚህን የፓኬጅ ሰዎች እያቸው፤ ሲያቆሟቸው ይቆማሉ፣ ሲነዷቸው ይነዳሉ» ብዬ ሳቅሁባቸው። እንየውም ሳቀ። አንቺ እዚያ ውስጥ ነበርሽ ማኔ። ዝቅ ብዬ ብጣራ የምትሰሚኝ ይመስለኛል።

ማምሻውን ቤትሽ ደርሼ ከወርቅአየሁ ሁሉን ሰማሁ። በማግስቱ መቀመጥ አቃተኝ። ምናልባት ተሳስተው ይሆናል፣ ምናልባት ይኸነው እዚህ ይሆናል ብዬ ሠርቼ ወደ በሩ ሄድኩ። ሞኝነት ነው፤ ምን ላድርግ። ስሙን ስጠራ የለም አሉኝ። ሳህኔን ይዤ ልመለስ ስል ከእናቶቹ አንዷ ነጠላዬን ያዘችኝ። ገብረ ማርያም የሚባሉ የአዘና ሽማግሌ እዚያ ውስጥ አሉ አለችኝ። የአዘናም መንገድ ስለተዘጋ የሚመጣላቸው ሰው የለም። እናቶቹ ከየሳህናቸው ይቀንሱላቸው ነበር፤ አብዛኛውን የምትሰጣቸው ማናየሽ ነበረች አሉኝ። ይህን ደግሞ አልጻፍሽልኝም። በሳቸው ስም አስገባሁት። ሳህኑ ባዶ ተመለሰልኝ።

ትናንት ሐሙስ እንዳልሽው እጀባው ወጣ። አልዋሽሽም፤ ልሄድ ፈልጌ ነበር። ወርቅአየሁ ቦርሳዬን ይዛልኝ እስከ መናኸሪያው ሸኘችኝ። ከመኪናው ደረጃ ላይ ሆኜ የማታው ሳህን ትዝ አለኝ። ስንቅ የማይመጣለት ሰው ምን እንደሚሆን የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ። ወረድኩ።

ስለዚህ ይኸነው እስኪፈታ አንቺ ከዳንግላ አትነቃነቂም፤ እኔም ከእንጅባራ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ ሁለተኛ ባንድ ቀን እንዳንነሳ። ስንቅ የምታቀብለው ሰው ቀድሞ የተፈታላት ትምጣ፣ ሌላዋ ከቤት አትውጣ። ይኸነው ቀድሞ ቢፈታ ይዘሽው ነይ። ቀድመው ሽማግሌው ቢፈቱ እኔ እመጣለሁ።

ፊታቸውን እንኳ አላየሁትም። ቁመታቸው ረጅም ይሁን አጭር አላውቅም። ሆኖም ማታ ማታ ሳህኑ ባዶ እስኪመለስ ድረስ ከበሩ አልነቃነቅም።

ፀጋነሽ